ወንዙ በደጃችን ነው



ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት አንድ ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስቱን የዕለት ሶላቶች በሰው ደጃፍ በሚፈስ ወንዝ መስለዋቸዋል። በዚያ ወንዝ በየቀኑ አምስት ጊዜ በሚታጠብ ሰው ገላ ላይ እድፍ እንደማይቀር ሁሉ፣ አምስቱን ሶላት የሚጠብቅ ሰውም ኃጢአቱ ይታበስለታል። ልጆቻችን ይህን ሐዲስ ገና በመድረሳ ሳሉ ይማሩታል፤ ምሳሌው ቀላል በመሆኑም ቶሎ ይገባቸዋል።

ነገር ግን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ሐዲሱን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች ቢመለከት ምን ያያል? በእሱ ደጃፍ የሚያልፈው ወንዝ ቀበና ወይም ትንሹ አቃቂ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ የውኃው መልክ ጠቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ በዳርና ዳሩ ተከምሯል። ልጁ ወደ አባቱ ዞሮ «አባዬ፣ በዚህ ወንዝ አምስት ጊዜ የታጠበ ሰው እድፉ ይለቅለታል ወይስ ይጨመርበታል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ብለን እንመልስለታለን?

በዚህ ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ራቅ ወዳለ አገር እንሄዳለን። በዚያ አገር ተማሪዎች በደጃቸው ስለሚያልፈው ወንዝ ጠይቀዋል፤ ጠይቀውም አልቀሩም፤ ለክተዋል፤ የለኩትንም ይዘው ለሹማምንት ቀርበዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ራሳችን ወንዝና ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን፤ ኢንሻአላህ።

የእሳት ወንዝ

በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ ከዲትሮይት ከተማ ጋር ተያይዛ የምትገኝ ዲርቦርን የምትባል ከተማ አለች። ይህች ከተማ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለችም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ፎርድ የተባለው የመኪና ኩባንያ ትልቁን ፋብሪካውን በዚያ ሲያቋቁም፣ ከሊባኖስ፣ ከሶርያ፣ ከፍልስጥኤምና ከየመን የሄዱ ሠራተኞች በአካባቢው ሰፈሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻም ከፋብሪካው ብዙም ሳይርቁ መስጊድ መሠረቱ። ዛሬ ዲርቦርን በአሜሪካ ውስጥ ሙስሊሞች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

በዚያች ከተማ መሐል የሚያልፈው ወንዝ ሩዥ ይባላል። አራት ቅርንጫፎች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው ርዝመታቸው ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውኃው የሚሰበሰበው ከአርባ በላይ ከተሞችና መንደሮች ካሉበትና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከሚኖርበት ምድር ነው። ወንዙ በመጨረሻ በፋብሪካዎቹ አጠገብ አልፎ ዲትሮይት ወንዝ ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1969 ይህ ወንዝ በእሳት ተያያዘ። አንባቢ ሆይ፣ አልተሳሳትንም፤ የተቃጠለው ውኃው ነው። በላዩ የተንሳፈፈው ዘይት እሳት ሲነካው ነበልባሉ ከወንዙ ላይ ተነሣ። እሳት ማጥፊያው ራሱ እሳት ሆነ ማለት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የ23 ዓመት ወጣት ሩዥ ውስጥ ወድቆ ውኃውን በመጠጣቱ፣ በአይጥ ሽንት አማካይነት በሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ በተባለ በሽታ ሞተ። የአካባቢው ሕዝብ የደነገጠው ይህን ጊዜ ነው። እሳቱን በርቀት ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ጀናዛ ሲወጣ ግን ነገሩ ከየቤቱ ደጃፍ ይደርሳል።

ከሕመም የተነሣ ጥያቄ

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ከዲትሮይት በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአን አርበር ከተማ ሌላ ነገር ተከስቶ ነበር። በዚያ ሁሮን የሚባል ወንዝ አለ። በወንዙ ላይ በሸራ ሰሌዳ የሚጫወቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሄፓታይተስ ኤ በተባለው የጉበት በሽታ ታመሙ፤ የሕመማቸው መነሻ ውኃው ሳይሆን እንደማይቀርም ጠረጠሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የተለመደው «ከእንግዲህ ወደ ወንዙ እንዳትጠጉ» ብሎ መከልከል ነው። የእነዚህ ተማሪዎች መምህራን ግን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩትን ዊልያም ስታፕን አማከሩ። ተማሪዎቹም የወንዙን ውኃ ራሳቸው መመርመር ጀመሩ። በውኃው ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎችን አገኙ፤ ቁጥራቸውም ዝናብ በዘነበ ጊዜ ከፍ እንደሚል ተረዱ። ጥርጣሬያቸው ወሬ ሆኖ አልቀረም፤ በቁጥር የተጻፈ ማስረጃ ሆነ። ያንን ይዞ ከከተማው ባለሥልጣናት ጋር መነጋገር ተቻለ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ወደ ሩዥ ወንዝ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወንዙ ወዳጆች የሆኑ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1987 በወንዙ ተፋሰስ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድነት ውኃውን የሚመረምሩበት ፕሮግራም ተጀመረ። በዲትሮይት መሐል የሚኖሩ ድኾች ልጆችና ከከተማው ውጭ የሚኖሩ ባለጸጎች ልጆች፣ አንዱ የሌላውን ሰፈር ሳያውቅ፣ የአንድ ወንዝ ተማሪዎች ሆኑ። ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን ያገኙትን ቁጥር በኮምፒውተር እየተላላኩ አወዳደሩ፤ በኋላም ተሰብስበው መፍትሔ ያሉትን ተወያዩ። ከላይ ያለው ሰፈር የለቀቀው ነገር ከታች ላለው ሰፈር እንደሚደርስ የተማሩት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቻቸው አንደበትም ነው።

ዘጠኙ መለኪያዎች

የውኃ ምርመራ ሲባል የሊቃውንት ሥራ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እነዚያ ተማሪዎች የሠሩት ግን አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ የሚረዳው ሥራ ነው። የወንዙን ጤና የሚያውቁት በዘጠኝ መለኪያዎች ነበር።

የመጀመሪያው በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። ዓሣም ሆነ በድንጋይ ሥር ያለ ትንሽ ነፍሳት የሚተነፍሰው ይህንን ነው። ተማሪው ጠርሙሱን አረፋ ሳይቀርበት ሞልቶ ይዘጋዋል፤ የተወሰኑ ኬሚካሎችን ይጨምርበታል፤ ከዚያም ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ በጠብታ እየቆጠረ የኦክስጅኑን መጠን ያውቃል። ሁለተኛው ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚመጡትን ባክቴሪያዎች መቁጠር ነው። መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ወይም ከዚያ ያነሰ ናሙና በቀጭን ማጥለያ ይጠልላል፤ ማጥለያው ከሰውነታችን ሙቀት ከፍ ባለ በ44.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። በማግሥቱ በዓይን የማይታየው በነጠብጣብ መልክ ይታያል፤ ተማሪውም ነጠብጣቡን ይቆጥራል።

ሦስተኛው የውኃው አሲድነት ነው። አራተኛው ናሙናው በጨለማ በ20 ዲግሪ ለአምስት ቀን ተቀምጦ ስንት ኦክስጅን እንደጎደለ ማየት ነው፤ ብዙ ከጎደለ ውኃው ብዙ የሚበሰብስ ቆሻሻ ተሸክሟል። አምስተኛው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ወደ ላይ አንድ ማይል ያህል ርቆ ካለው ውኃ ጋር ይነጻጸራል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ከማዳበሪያ፣ ከሳሙናና ከፍሳሽ የሚመጡት ፎስፌትና ናይትሬት ናቸው። ስምንተኛው የውኃው ድፍርስነት ነው፤ ዘጠነኛው ደግሞ ውኃው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ዝቃጭ ክብደት ነው።

ዘጠኙ እኩል አይመዘኑም። ከመቶው ኦክስጅን 17፣ ባክቴሪያው 16 ይይዛል፤ የቀሩት ከ11 እስከ 7 ባለው ውስጥ ናቸው። ተደምረው ወንዙ እንደ ተማሪ ከመቶ ውጤት ያገኛል። ከ90 በላይ ያገኘ እጅግ ጥሩ፣ ከ70 እስከ 90 ጥሩ፣ ከ50 እስከ 70 መካከለኛ ነው፤ ከ50 በታች ከሆነ ታሟል፤ ከ25 በታች ከሆነ ጽኑ ታማሚ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ተማሪዎቹ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ናሙና አይነኩም፤ ያለ መምህር ወደ ወንዝ አይወርዱም፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ የተጠቀሙበትን ኬሚካልም ወንዙ ውስጥ አይደፉም። ወንዝን ለማዳን የሄደ ወንዙን ሊበክል ወይም ራሱን ሊጎዳ አይገባውምና።

ወንዙ ዳነን?

እውነቱን ለመናገር ሩዥን ተማሪዎች ብቻቸውን አላጸዱትም። የችግሩ ዋና ሥር በየከተማው መሬት ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ነበር። በብዙ ሰፈሮች የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ውኃ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ከአቅሙ በላይ ይሞላና ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ይህን በጓንትና በጠርሙስ ማስቆም አይቻልም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መንግሥት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ትርፉን ፍሳሽ የሚይዙ ግዙፍ ማጠራቀሚያዎች ተሠሩ፤ ቱቦዎችም ተለያዩ። ፍርድ ቤትም ሥራውን በቅርብ ተከታተለ።

በዚህ የተነሣ የውኃው ኦክስጅን ጨምሯል፤ ዓሣም ቀድሞ በጠፋባቸው ስፍራዎች ተመልሷል። ሆኖም ዛሬም ከዝናብ በኋላ ባክቴሪያው ከተፈቀደው መጠን የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉ። ሥራው ስላላለቀ ትምህርት ቤቶቹም መለካታቸውን አላቆሙም።

ታዲያ የተማሪዎቹ ድርሻ ምኑ ላይ ነው? ድርሻቸው ወንዙ እንዳይረሳ ማድረጋቸው ነው። በየዓመቱ ያገኙትን እየጻፉ አስቀመጡ፤ ወላጆቻቸው ስለማያዩት ቱቦ በራት ሰዓት አወሩ፤ ገንዘቡን የሚመድቡት ሰዎች ፊት ቁጥር ይዘው ቀረቡ። የዛሬ ተማሪ የነገ ሹም፣ የነገ መሐንዲስና የነገ ፋብሪካ ባለቤት መሆኑንም አንርሳ። ልጅ ሆኖ የወንዙን በሽታ በእጁ የቆጠረ ሰው፣ አድጎ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ለመልቀቅ እጁ እንዴት ይታዘዝለታል?

ሸሪዓችን ስለ ውኃ

ይህ ሁሉ ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ከውኃ እንዳደረገ በሱረቱል አንቢያእ ነግሮናል። የሶላታችን ቁልፍ ጠሃራ ነው፤ የጠሃራ መሠረት ደግሞ ንጹሕ ውኃ ነው። የፊቅህ ኪታቦች ገና ሲጀምሩ የሚያነሡት የውኃን ነገር ነው። ውኃ በነጃሳ ምክንያት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ለዉዱእ እንደማይሆን እናውቃለን። ዑለማዎቻችን ሰው ሁሉ በቤቱ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ሦስት መለኪያዎችን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አስቀምጠውልናል ማለት ነው። በዘመናችንም እ.ኤ.አ. በ1978 የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት፣ ቆሻሻ ውኃ ተጣርቶ እነዚህ ሦስቱ ወደ ቀድሞ ንጽሕናቸው ከተመለሱና በጤና ላይ ጉዳት ከሌለው ለጠሃራ መዋል እንደሚችል ወስኗል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ሰዎች በሚቀዱበት የውኃ ስፍራ፣ በመተላለፊያ መንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች መሆኑንም አስጠንቅቀዋል። በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው ውኃ እንዳያባክን የሚያስተምር ሐዲስ ኢብን ማጃህ ዘግበዋል፤ በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ቢነጋገሩበትም ኢስራፍ መወገዙ ግን በቁርኣን የጸና ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት የመርከቡ ምሳሌ ነው። በአንድ መርከብ ከላይና ከታች የተሳፈሩ ሰዎች ነበሩ። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ስለነበረባቸው፣ እነሱን ላለማስቸገር በራሳችን ክፍል ቀዳዳ እንክፈት ብለው አሰቡ። የላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ወንዝም እንደ መርከቡ ነው፤ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳውን የምንከፍተው ከላይ ያለነው መሆኑ ነው።

ከአቃቂ እስከ አፋር

አሁን ወደ ልጁ ድልድይ እንመለስ። ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሡት ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ትልቁንና ትንሹን አቃቂ ይሆናሉ፤ በአባ ሳሙኤል ግድብም ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ የከረዩን ምድር አቋርጦ፣ በአፋር በረሃ ሕዝብና ከብት እያጠጣ ይጓዛል። ባሕር ሳይደርስም በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ያ ውኃ በመጨረሻ የሚደርሰው እንደ እኛው ወደ ቂብላ ዞረው ለሚሰግዱ፣ ከወንዙ ውጭ ሌላ ውኃ በቅርብ ለማያገኙ አርብቶ አደሮች ነው። እኛ ከድልድይ ላይ የወረወርነው ነገር ከዓይናችን ይጠፋል እንጂ ከምድር አይጠፋም።

ነገሩ ወደ ራሳችን ማዕድም ይመለሳል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ገበያም ይወጣል። በእነዚህ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እናቶች ልብ በሉ፤ አትክልትን ደጋግሞ ማጠብ ጭቃንና ተውሳክን ይቀንሳል፤ ተክሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ መፍትሔው ያለው ወንዙ ዘንድ እንጂ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አይደለም።

በመንግሥት በኩል የተሠራ የለም አንልም። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቷል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ ተጀምሯል። ዳርቻው ማማሩ መልካም ነው፤ የውኃው ጤና ግን የሚታወቀው በሣሩ ልምላሜ ሳይሆን በመለካት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ የደረሰበት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በብካይ ላይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። መብቱ አለ፤ የጎደለው ቆጥሮና ጽፎ የሚያቀርብ ነው።

ከቤታችን እንጀምር

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ክበቡ ችግኝ ከመትከል አልፎ በመምህር መሪነት የአንድ ወንዝ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ውድ መሣሪያ ባይኖር እንኳ በየወሩ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ የውኃውን ቀለም፣ ሽታና ሙቀት መመዝገብ ይቻላል። ወደ ወንዙ የሚገቡ ቱቦዎችን ቆጥሮ በካርታ ማስፈርም ቀላል ነው። በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ቢጨመርበት የበለጠ ነው። ሆኖም ልጆች ወደ ተበከለ ውኃ ፈጽሞ እንዳይገቡ፣ ያለ ጓንትም እንዳይነኩ አደራ እንላለን።

ወላጆችም ድርሻ አለን። ያገለገለ የመኪና ዘይት፣ የተረፈ መድኃኒትና የጸረ ተባይ መርዝ ወደ ቦይ አንድፋ። የመጸዳጃ ቤታችንን ፍሳሽ በሌሊት ለዝናብ መውረጃ የምንለቅ ካለን፣ ጎረቤት ባያየንም አላህ ያየናልና እናቁም። ለዒደል አድሓ የምናርደውን የኡድሒያ ፈርስና ደም ወንዝ ውስጥ ከመጣል በጉድጓድ እንቅበር፤ አላህን ለመታዘዝ የተሠራ ሥራ ለሌላው ሰው መታወኪያ ሊሆን አይገባውምና። ኢማሞቻችንም በዓመት አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ለውኃ አማና ቢመድቡ ብዙ ሰው ይሰማቸዋል።

ያ ልጅ በድልድዩ ላይ ሆኖ ጥያቄውን ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ሂድ» አንበለው። እጁን ይዘን «ልክ ነህ፣ ይህ ወንዝ ታሟል፤ ያሳመምነውም እኛ ነን፤ በአላህ ፈቃድ እንዲሽረው የምንለፋውም እኛ ነን» እንበለው። በሕይወት ዘመናችን ጠርቶ ባናየው እንኳ የልፋታችን አጅር አላህ ዘንድ አይጠፋም።

አላህ (ሱ.ወ.) ውኃችንን ንጹሕ፣ ልጆቻችንን አማና ጠባቂዎች ያድርግልን። አሚን።